አቧራ ማራገፍና ቀለም መፋቅ ልዩ ልዩ ናቸው

ሀብት ማለት ዕቃን መግዛት ብቻ እንዳልሆነ አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የተገዛውን ዕቃ በሚገባ ጠብቆ ለረዥም ዘመን እንዲያገለግል ማድረግ፥ ከመግዛቱ የማያንስ ብልኅነት ነው። ቤት የሠራ ሰው ጣራው እንዳያፈስበት ይጠነቀቃል፤ በቅሎ ያለው ሰው ኮርቻው ጀርባዋን እንዳይመልጣት ያስተውላል፤ ነጋዴም መጋዘኑን ከምስጥና ከእርጥበት ይከላከላል። ወደ መኪና ሲመጣ ግን ጥንቃቄው ሁሉ በሞተሩ፥ በዘይቱና በጎማው ላይ ያበቃል። ቀለሙ በየማለዳው በገዛ ባለቤቱ ትእዛዝ ሲፋቅ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

«ሲፋቅ» የሚለው ቃል የተጋነነ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ጥቂት ዓመታት ያገለገለውን ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ መኪናውን ወደ ፀሐይ አውጥቶ ከጎን ይመልከተው። በሞተሩ ክዳን ላይ የፀሐይ ነጸብራቅ ባረፈበት ቦታ ዙሪያ፥ የሸረሪት ድር የመሰሉ እጅግ ቀጫጭን ጭረቶች ክብ ክብ ሆነው ይታዩታል። ነጭ ወይም ብርማ ቀለም ያለው መኪናም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ልዩነቱ ጉዳቱ ቶሎ አለመታየቱ ብቻ ነው። እነዚህን ጭረቶች ያመጣቸው ግጭት አይደለም፤ የመንገድ ጠጠርም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ያመጣቸው በአቧራው ላይ በየዕለቱ በደረቅ ጨርቅ የሚደረገው ውልወላ ነው።

ይህን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ አቧራ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አቧራ ለዐይን ሲታይ እንደ ዱቄት የለሰለሰ ይመስላል። ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ የደቀቀ ድንጋይ ነው። በውስጡ በብዛት ከሚገኙት ማዕድኖች አንዱ ኳርትዝ የሚባለው ሲሆን፥ ተራው አሸዋም በአብዛኛው ከዚሁ የመጣ ነው። ጀርመናዊው የማዕድን ዐዋቂ ፍሪድሪኽ ሞስ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1812 ዓ.ም. ባወጣው ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የጥንካሬ መለኪያ፥ ኳርትዝ 7ኛውን ደረጃ ይዟል። የመስኮት መስተዋት ከ5 እስከ 6 ባለው መካከል ይገኛል። እንግዲህ መስተዋትን መጫር የሚችል ነገር፥ ከመስተዋት እጅግ የሚለሰልሰውን የመኪና ቀለም ምን ሊያደርገው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ቀለሙም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወፍራም አይደለም። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና ከብረቱ ጀምሮ እስከ ላይኛው ገጽ ድረስ ያለው የቀለም ሽፋን ሁሉ ቢደመር፥ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ነው። 1 ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ እጅ ነው። ከዚህም ውስጥ ውበትን የሚሰጠውና ቀለሙን ከፀሐይ ቃጠሎ የሚከላከለው ጥርት ያለው የላይኛው ሽፋን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ይኸውም ከአንድ የራስ ጠጉር የሚቀጥን መሆኑ ነው። ጭረቱን ለማጥፋት ጋራዥ ገብቶ በማሽን የሚለሰልስ መኪና፥ ከዚህች ስስ ሽፋን ላይ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይቀነስለታል። ስለዚህ ማለስለስ ዕዳን በሌላ ዕዳ እንደ መክፈል ነው፤ ጥቂት ጊዜ ይሠራል እንጂ ለዘለቄታው አያዛልቅም።

አንዳንድ የዕድሜ ባለጸጎች የሆኑ ሾፌሮች «እኛ መኪና ስንወለውል ይበልጥ ያበራ ነበር» ሲሉ ይሰማል። አባባላቸው መሠረት የሌለው አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለብዙ ዘመን በመኪና ላይ ይቀባ የነበረው ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው ቀለም፥ ሲታሽና ሲወለወል ወዙን የሚያወጣ ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው አሠራር ግን ቀለሙን ከታች አድርጎ ጥርት ያለውን ሽፋን ከላይ የሚደርብ ነው። በፊተኛው ቀለም ላይ ትክክል የነበረው ልማድ፥ በኋለኛው ላይ ጉዳት ይሆናል። ዕቃው ሲለወጥ አያያዙም አብሮ መለወጥ እንዳለበት ከዚህ መማር ይቻላል።

በባሕር ጠረፍ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከፋል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ አቧራ ብቻውን አይመጣም፤ ጨው ይዞ ይመጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት በሱዳን ጠረፍ በቶከር በኩል የሚነሣው ብርቱ ነፋስ፥ አቧራውን ከምድር እያነሣ በባሕሩ ላይ ሲያሻግረው ከሰማይ በተነሡ ሥዕሎች ላይ ሳይቀር ይታያል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 እጅ በላይ በሚሆንበት ሌሊት፥ በመኪናው ላይ ያረፈው ጨው ከአየሩ ውሃ እየሳበ ይሟሟል፤ ከአቧራው ጋር ተደባልቆም እንደ ጭቃ ይለጠፋል። ፀሐይ ስትወጣ ያ ጭቃ ደርቆ ቅርፊት ይሆናል። ይህን ቅርፊት በደረቅ ማራገፊያ ለማንሣት የሚሞክር ሰው፥ ማራገፊያው ምንም ያህል ውድ ቢሆን፥ መኪናውን በብርጭቆ ወረቀት እንደሚያለሰልስ አናጢ ይቆጠራል።

ከምጽዋ ተነሥቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አሥመራ የሚወጣ መኪና፥ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አየር ያያል። የቆላውን ጨው በጀርባው ተሸክሞ ወደ ደጋው ደረቅ አየር ይገባል። ስለዚህ ለዚህ ዐይነቱ መንገድ የሚበጀው ሕግ አንድ ነው፤ ከጠረፍ የመጣ መኪና አስቀድሞ በውሃ ሳይታጠብ ማራገፊያ ሊነካው አይገባም።

ከዚህ በኋላ ስለ ማራገፊያው ምርጫ መናገር ይገባል። በገበያ የሚገኙት ብዙ ዐይነት ቢሆኑም፥ ጠባያቸውን ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ምርጫው አስቸጋሪ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ተራው ጨርቅ ነው። አሮጌ ሸሚዝ፥ የተቀደደ ፎጣ ወይም የከረጢት ቁራጭ ለዚህ ሥራ ሲውል በየስፍራው ይታያል። ጨርቁ ስፌት፥ አንዳንድ ጊዜም ቁልፍ ያለበት መሆኑ አንድ ጉዳት ነው። ዋናው ጉዳት ግን ጨርቅ ጥልቀት የሌለው መሆኑ ነው። አሸዋው የሚደበቅበት ስፍራ ስለማያገኝ፥ በጨርቁና በቀለሙ መካከል ተይዞ ከዳር እስከ ዳር ይጎተታል። የእጁ ክብደት ሲጨመርበት ጭረቱ ይጠልቃል።

የላባ ማራገፊያ ከጨርቅ ይሻላል። በተለይ የሰጎን ላባ ለስላሳ ነው። ይሁን እንጂ ላባ አቧራውን ከስፍራ ወደ ስፍራ ይበትነዋል እንጂ አይዘውም፤ አገዳው ሲሰበር ደግሞ ጫፉ እንደ መርፌ ይጭራል። የዶሮ ላባ ከሆነ ደረቅነቱ ይብሳል። ላባ ለሱቅ መደርደሪያና ለመኪናው ውስጠኛ ክፍል ይስማማል፤ ለውጭው ቀለም ግን አይመከርም። ከፈረስ ጭራ የተሠራ ብሩሽም ለፊት ፍርግርጉና ለጎማው ቸርኬ ጠቃሚ ሲሆን፥ ጠጉሩ ከመሐል ተቆርጦ ጫፉ ስለሚደነድን በሰፊው የቀለም ገጽ ላይ ማስኬዱ ደግ አይደለም።

ፓራፊን የተባለውን ሰም የጠጣ የጥጥ ክር ያለው ማራገፊያ ለብዙ ዓመታት የተፈተነ ነው። ክሮቹ ረዣዥም ስለ ሆኑ አሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰሙም አቧራውን ይዞ ያስቀረዋል። አዲስ ሲገዛ ሰሙ ስለሚበዛበት፥ በጋዜጣ ላይ ዘርግቶ አንድ ሌሊት ማሳደር ይገባል፤ አለበለዚያ በቀለሙና በመስተዋቱ ላይ መሥመር ይተዋል። ነውሩ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ሰሙ እንዳይወጣ ሲባል ስለማይታጠብ የሰበሰበው ሁሉ ከውስጡ ይከማቻል። ሁለተኛ፥ ሰሙ በብርቱ ሙቀት ይለሰልሳል፤ በጠረፍ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና ብረት ደግሞ ሰም ለማቅለጥ የሚበቃ ትኩሳት ሊደርስ ይችላል።

ማይክሮፋይበር የሚባለው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 አካባቢ በጃፓን ኢንዱስትሪ ዳብሮ የወጣ ሲሆን፥ ክሩ ከሐር ክር ይቀጥናል። የሚሠራውም ፖሊስተርና ፖሊያሚድ ከተባሉ ሁለት ነገሮች ነው። ክሩ የተሰነጣጠቀ በመሆኑ አቧራን ያለ ሰም ይይዛል፤ ሲቆሽሽም በውሃና በቀላል ሳሙና ታጥቦ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ይህ ስም የተለጠፈበት ሁሉ አንድ አይደለም። ክሩ አጭርና ጠፍጣፋ የሆነው ከተራ ጨርቅ እምብዛም አይለይም። መመረጥ ያለበት ክሩ ረዥምና ጥቅጥቅ ያለው፥ ጣት ሲገባበት የሚሰምጥበት ዐይነት ነው። የበግ ጠጉር ማራገፊያም በዚሁ ረገድ የተመሰገነ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ እንዲህ ነው። አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነበት ደጋ ለሚውል መኪና ሰም የጠጣው የጥጥ ማራገፊያ ይበቃል። ጨውና እርጥበት ለማያጡት፥ ሙቀቱም ለሚበረታበት ጠረፍ ግን በየጊዜው የሚታጠበው ባለ ረዥም ክር ማይክሮፋይበር ይመረጣል። የማይታጠብ ማራገፊያ በጠረፍ ላይ ጨው እያጠራቀመ፥ ጨውም እርጥበት እየሳበ፥ መኪናውን ለማዳን የተገዛው ዕቃ መኪናውን የሚጎዳ ይሆናል።

ሻጭ ሁሉ ዕቃውን ማመስገኑ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ገዢ በገዛ እጁ መፈተን አለበት። በመጀመሪያ ማራገፊያውን በጉንጩ ላይ ያስኪደው፤ ጉንጭን የሚቆረቁር ቀለምንም ይቆረቁራል። ቀጥሎ ክሮቹን ገልጦ ውስጡን ይመልከት፤ የፕላስቲኩ ወይም የሽቦው አጥንት በጫፉ በኩል ያልተሸፈነ ከሆነ አይግዛው። ሦስተኛ፥ በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ቀለም የሚለቅ እንደ ሆነ ይይ። በመጨረሻም፥ የማያስፈልገው አሮጌ የሙዚቃ ሲዲ ቢያገኝ፥ በሚያብረቀርቀው ገጹ ላይ ንጹሑን ማራገፊያ ጥቂት ጊዜ ጫን አድርጎ አመላልሶ በብርሃን ይመርምረው። አቧራ ሳይኖርበት በገዛ ክሩ የሚጭር ማራገፊያ፥ አቧራ ሲጨመርበት ምን እንደሚያደርግ ይህ ፈተና ይገልጠዋል።

መልካም ማራገፊያ መግዛት ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በአጠቃቀሙ ላይ ነው። መኪናው ደረቅ መሆን አለበት፤ ጤዛ ያለበት መኪና በማራገፊያ አይነካም። መኪናው ትኩስም መሆን የለበትም። ስለዚህ በጠረፍ ከተማ ተስማሚው ጊዜ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፥ ብረቱም ሳይግል፥ በጥላ ሥር ነው። ሥራው ከጣራው ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች በኩል ያለው ጠጠር ያዘለ ቆሻሻ ወደ ላይ መውጣት የለበትም። ማራገፊያው በገዛ ክብደቱ ብቻ በቀጥታ መሥመር ይሄዳል እንጂ አይጫንም፤ ክብ ክብም አይዞርም። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ከመኪናው ርቆ ይራገፋል። ሥራው ሲያልቅ በከረጢቱ ይቀመጣል። መሬት ላይ የወደቀ ማራገፊያ ሳይታጠብ ዳግመኛ ቀለም አይነካም። የወፍ ኩስ፥ ጭቃና የደረቀ ጨው የማራገፊያ ሥራ አይደሉም፤ የውሃ ሥራ ናቸው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው «ማራገፊያ የሚባል ነገር ሁሉ ይቅር፤ መኪና መታጠብ ብቻ ነው ያለበት» የሚል ነው። ይህ አስተያየት በመሠረቱ እውነት አለው፤ በውሃ የሚለቀቅ አቧራ ሳይጎተት ስለሚሄድ ከሁሉም ማራገፊያ ውሃ ይሻላል። ነገር ግን በዓመት 200 ሚሊሜትር የማይሞላ ዝናብ የምታገኘው ምጽዋ፥ በግብጾች አገዛዝ ጊዜ በ1870ዎቹ ዓመታት ውሃ ከእምኩሉ በቦይ የተሳበላት፥ ከዚያም በፊት ውሃ በሸክም ይገባላት የነበረች ከተማ መሆኗ አይዘነጋም። ውሃ ለሰው ጉሮሮ በሚቆጠርበት አገር፥ በደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ የሚያፈስ ጎማ ከፍቶ በየማለዳው መኪና ማጠብ ከነውር የሚቆጠር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እንግዲያስ አቧራው እንደ ተቀመጠ ይኑር» የሚል ነው። ይህም መጠነኛ ጥቅም አለው፤ የማይነካ አቧራ አይጭርም። ዳሩ ግን ጨው ያለበት አቧራ ሲቆይ፥ ቀለሙ በተነቀለበት ስፍራ ሁሉ ወደ ብረቱ ገብቶ ዝገት ይጀምራል። ስለዚህ መካከለኛው መንገድ ይሻላል። ስስና ደረቅ አቧራ በመልካም ማራገፊያ ይነሣ። ወፍራሙና ጨዋማው በሳምንት አንድ ጊዜ በሁለት ባልዲ ውሃ ይታጠብ፤ አንዱ ባልዲ ለሳሙናው፥ ሁለተኛው መታጠቢያውን ለማለቅለቅ ነው። አስቀድሞ ጥቂት ውሃ በቀስታ አፍስሶ ጨውና አሸዋው እስኪለቅ መታገሥ ያስፈልጋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው በኋላ በጋራዥ ደጅ ብዙ ሰዓት ይቆማል።

አሁን ደግሞ የነገሩን ፍሬ ነገር መመልከት ይገባል። በብዙ መሥሪያ ቤት የመኪናው ቀለም ሲበላሽ የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሹም ከቢሮው ወጥቶ የመኪናውን መደብዘዝ አየ እንበል።

«ይህን መኪና ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያደበዘዝኸው?»

«ጌታዬ፥ አንድ ቀን እንኳ ሳላጸዳው አልቀረሁም።»

«በምን ነበር የምታጸዳው?»

«ከግምጃ ቤት በተሰጠኝ ጨርቅ ነው፥ ጌታዬ።»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን ነው? ሾፌሩ ታዝዟል፤ ትጋቱም አልጎደለም። እንዲያውም ይበልጥ የተጋው ሾፌር ይበልጥ ጎድቷል፤ ሰነፉ ሾፌር መኪናውን ከነአቧራው በመተው በሳያውቅ ጠብቆታል። ትጉህን የሚያስቀጣ፥ ሰነፍን የሚያስመሰግን አሠራር ካለ፥ ጉድለቱ ከሠራተኛው ሳይሆን ዕቃውን ከመረጠው ኀላፊ ዘንድ ነው። ግምጃ ቤቱ የአንድ ማራገፊያ ዋጋ ያተረፈ መስሎት ጨርቅ ሲሰጥ፥ የቀለም ማስቀቢያው ሒሳብ በሌላ መዝገብ ላይ በሌላ ዓመት ይመጣል። ሁለቱ ሒሳቦች በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው ስለማይታዩ፥ ኪሳራው ቁጠባ መስሎ ያልፋል። ከዚህም የሚከፋው፥ ያ ዕዳ አንዳንድ ጊዜ ከድኻው ሾፌር ደመወዝ ላይ እንዲቀነስ መታሰቡ ነው። ሳያስተምሩና መሣሪያ ሳይሰጡ ቅጣት መጣል ፍርድ አይባልም።

ነጋዴውም ሒሳቡን በራሱ በኩል ሊያየው ይችላል። መኪና ሲሸጥ ገዢ ሞተሩን ከመስማቱ በፊት ቀለሙን ያያል። ደብዛዛ ቀለም «ይህ ሰው ዕቃ አይጠብቅም» የሚል ወሬ ስለሚያወራ፥ ሞተሩ ደኅና ቢሆንም ዋጋው ይወርዳል። ደኅና ማራገፊያ ግን አንድ ጊዜ ታንክ ለመሙላት ከሚወጣው ገንዘብ ባነሰ ይገኛል፤ በአግባቡ ከተያዘም ዓመታት ያገለግላል። በተጨማሪም ማራገፊያ፥ ጨርቅና ሳሙና የሚያስመጣ ነጋዴ፥ ረዥሙን ክር ከአጭሩ፥ የሚታጠበውን ከማይታጠበው ለይቶ ለገዢው ቢያስረዳ፥ ደንበኛ ያተርፋል እንጂ አይከስርም።

ስለዚህ መኪና ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ሊያደርገው የሚገባ ነገር ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መኪና ለአገሩ አየር የሚስማማ አንድ ማራገፊያ ከነከረጢቱ ይሰጥ፤ በመዝገብም ይግባ። በጠረፍ ላሉት መኪናዎች በሳምንት አንድ ቀን የሁለት ባልዲ ውሃ ይፈቀድ። ሾፌሩ አጠቃቀሙን በግማሽ ሰዓት ያህል ይማር፤ ከዚያ በኋላ ጉዳት ቢደርስ ያን ጊዜ መጠየቁ የተገባ ይሆናል። አሮጌው ጨርቅም አይጣል፤ ለጎማው፥ ለዘይት መለኪያውና ለሾፌሩ እጅ መጥረጊያ ይሁን።

ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች የተናገሩት ስለ እሳት ብቻ አልነበረም። በትንሽ ነገር ሊገታ የሚችለውን ጥፋት፥ ትንሽ በመሆኑ ንቆ ማለፍ ትልቁን ወጪ መጥራት ነው። የመኪና ቀለም በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በየማለዳው ጥቂት በጥቂት ይሄዳል። የሚጠበቀውም እንደዚሁ በየማለዳው ነው።